ወደ ባሕር የሚወርደውን የመንገድ ጎርፍ የት ላይ መያዝ ይሻላል? የሎስ አንጀለስ አማራጮች ሲነጻጸሩ

በሎስ አንጀለስ መሬት ሥር ሁለት የማይገናኙ የቱቦ መስመሮች ተዘርግተዋል። አንደኛው ከመጸዳጃ፣ ከመታጠቢያና ከወጥ ቤት የሚወጣውን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ያደርሳል፤ ከጣቢያዎቹም ትልቁ በፕላያ ዴል ሬይ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሃይፐሪየን ነው። ሁለተኛው መስመር በየመንገዱ ጠርዝ ባሉት መውረጃዎች የሚገባውን ውሃ ሰብስቦ፣ በአብዛኛው ምንም ሳይጣራ፣ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይለቀዋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ሆኖም በፌርፋክስ ጎዳና፣ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ደጁ ላይ የወለል ምንጣፍ ቢያጥብ ቅባቱና ሳሙናው ወደ ሃይፐሪየን አይሄድም፤ በባሎና ክሪክ በኩል ወርዶ በማሪና ዴል ሬይና በፕላያ ዴል ሬይ መካከል ባሕር ይገባል።

ባሎና ክሪክ ወደ 130 ስኩዌር ማይል ከሚጠጋ መሬት፣ ማለትም ከ330 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆን የከተማ ክፍል፣ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ነው። በ1930ዎቹ በኮንክሪት ሲለበጥ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎርፉ ቤት ሳያፈርስ ቶሎ ወደ ባሕር እንዲወርድ ማድረግ። በዚያ መለኪያ ሥራው ተሳክቷል። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር ውሃው ይዞት የሚወርደው ነው። በ1995 ዝናብ በሌለባቸው ደረቅ ወራት በሳንታ ሞኒካ የባሕር ወሽመጥ ከ10,000 በላይ ዋናተኞችን የተከታተለ ጥናት፣ ውሃ በሚፈስባቸው የቱቦ አፎች አጠገብ የዋኙ ሰዎች 400 ያርድ ራቅ ብለው ከዋኙት ይልቅ ለትኩሳት፣ ለማስመለስና ለጆሮ ፈሳሽ ይበልጥ እንደተጋለጡ አሳይቷል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤትም ዝናብ ከዘነበ በኋላ ለ72 ሰዓት ባሕር ውስጥ እንዳይገባ እስከ ዛሬ ያስጠነቅቃል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የቤት ወይም የንግድ ቦታ ባለቤት ለሆኑ፣ በሰፈር ምክር ቤት ለሚሳተፉ፣ ወይም በካውንቲው ገንዘብ የትኛው ፕሮጀክት መሠራት እንዳለበት አስተያየት መስጠት ለሚፈልጉ አንባቢዎች ነው።

በመጀመሪያ ውሃውን መለየት

በየስብሰባው የሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው፣ ሰዎች ስለተለያየ ውሃ እየተናገሩ ስለ አንድ ውሃ የሚከራከሩ ስለሚመስላቸው ነው። ወደ ባሎና ክሪክ የሚወርደው ውሃ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በደረቁ ወራት ሳይቋረጥ የሚንጠባጠበው ነው፤ ሣር ከመጠን በላይ ሲጠጣ፣ መኪና መንገድ ላይ ሲታጠብ፣ ግቢ በጎማ ሲታጠብ የሚወጣ ጥቂት፣ ነገር ግን በባክቴሪያ የተሞላ ውሃ። ሁለተኛው የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ የሚያወርደው ነው። ሎስ አንጀለስ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ350 ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ሲሆን አብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ ስለዚህ አስፋልቱ ለወራት ያጠራቀመውን የተቃጠለ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ የውሻ ዓይነ ምድርና ፕላስቲክ የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ በአንድ ቀን ያወርደዋል። ሦስተኛው ከባድ ዝናብ ነው፤ ብዛቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በከተማው ውስጥ ያለ ማንኛውም ታንከር ሁሉንም ሊይዘው አይችልም።

ለአንዱ ውሃ የተሠራ ዘዴ ለሌላው ብዙ ጊዜ አይበጅም። አንድ ዘዴ «ባሕሩን ያድናል» ሲባል ከየትኛው ውሃና ከየትኛው ቆሻሻ እንደሚያድን ካልተነገረ፣ ንጽጽሩ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ቆሻሻ የሚያስቀሩ ፍርግርጎች

በመንገድ ዳር መውረጃዎች አፍ ላይ የሚታዩት የብረት ፍርግርጎች በደረቅ ጊዜ ቅጠልና ፕላስቲክ መንገዱ ላይ ያስቀራሉ፤ የመንገድ ጠራጊ መኪናም ይወስደዋል። ጎርፍ ሲበረታ መንገዱ እንዳይጥለቀለቅ ይከፈታሉ። በመውረጃው ውስጥ ደግሞ ውሃው ወደ ዋናው ቱቦ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ሁለተኛ ወንፊት አለ፤ «ሙሉ በሙሉ የሚይዝ» ተብሎ በሕግ የሚቆጠረው 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ሲያስቀር ነው። በ2022 ጥቅምት ደግሞ በባሎና ክሪክ አፍ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ተንሳፋፊ ቆሻሻን በመከለያ እየመራ በማጓጓዣ ቀበቶ የሚያነሣ ጀልባ መሳይ መሣሪያ ተተክሏል።

ዋጋቸው ከተማው ከሚሠራቸው ከሌሎቹ ግንባታዎች ያነሰ ነው፤ ውጤታቸውም በዓይን ይታያል። ፎቶግራፍ ስለሚነሡም ፖለቲከኞች ይወዱአቸዋል። ነገር ግን ባክቴሪያ፣ የተቃጠለ ዘይትና የሟሟ ብረት በ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለ ችግር ያልፋሉ። ፍርግርግ የግድ ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር የሚታመመውን ዋናተኛ ግን አያድንም።

ዳርቻው ላይ ጠልፎ ወደ ፍሳሽ መስመር ማስገባት

ይህ ዘዴ ለደረቁ ወራት ብቻ የታሰበ ነው። የዝናብ ውሃ ቱቦው ባሕር ከመድረሱ በፊት ትንሽ የፓምፕ ጣቢያ ይሠራለትና፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ተጠልፎ በፍሳሽ መስመር ወደ ሃይፐሪየን ይሄዳል። በሳንታ ሞኒካ ወሽመጥ ዙሪያ ይህን የሚያደርጉ በርካታ ጣቢያዎች አሉ፤ በደረቁ ወራት የዚያ አካባቢ የባሕር ዳርቻዎች የባክቴሪያ መጠን እንዲቀንስ ካደረጉት ሥራዎችም ዋነኛው ይኸው ነው። ከሚይዘው ውሃ አንጻር ርካሽ ነው፤ ሰፊ መሬትም አይጠይቅም።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ዝናብ ሲጀምር ጣቢያው መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ጎርፉ የፍሳሽ መስመሩን ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ ከሁሉ የቆሸሸውን የመጀመሪያ ዝናብ ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ሌላው ሸክሙን ሁሉ ወደ አንድ ጣቢያ ማዛወሩ ነው። ሃይፐሪየን ራሱ በሐምሌ 2021 የመግቢያ ወንፊቶቹ በቆሻሻ ታፍነው በሚሊዮን የሚቆጠር ጋሎን ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕር ለመልቀቅ ተገዷል። እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ አይመጣም፤ ሆኖም ሁሉንም ነገር በአንድ ጣቢያ ላይ መጫን ብልህነት አይደለም።

አጣርቶ እንደገና መጠቀም፤ የሳንታ ሞኒካ መንገድ

ጎረቤቷ የሳንታ ሞኒካ ከተማ የሄደችበት መንገድ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ከታዋቂው የእንጨት የባሕር መዝናኛ ድልድይ አጠገብ፣ ሁለቱ ከተሞች በጋራ የሠሩት፣ በቀን እስከ 500,000 ጋሎን (ወደ 1.9 ሚሊዮን ሊትር) የደረቅ ወራት ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ አለ። ውሃው በመጀመሪያ በሚሽከረከር ወንፊት ያልፋል፤ ቀጥሎ አሸዋውና ጠጠሩ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ከዚያ በጣም ጥቃቅን የአየር አረፋ ይነፋበትና ዘይቱና ቅባቱ አረፋው ላይ ተጣብቆ ሲንሳፈፍ ከላይ ይገፈፋል፤ በመቀጠል በደቃቅ ማጣሪያ ያልፍና በመጨረሻ የአልትራቫዮሌት ጨረር የቀረውን ባክቴሪያ ይገድለዋል። የሚወጣው ውሃ አይጠጣም፤ ለአትክልት ማጠጫና ለሕንጻዎች መጸዳጃ ግን ይውላል። ጣቢያው ሆን ተብሎ ክፍት ሆኖ ስለተሠራ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ ሊያየው ይችላል፤ በዚህች ከተማ ካሉት የውሃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እርሱን አስቀድማለሁ።

የዚህ ዘዴ ድክመት መጠኑ ነበር፤ ዝናብ በዘነበ ቀን 500,000 ጋሎን ምንም አይደለም። ከተማዪቱ ይህን ለማስተካከል ከባሕሩ ዳርቻ መኪና ማቆሚያ ሥር 1.6 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ቀብራለች፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይቆይና ከዚያ በኋላ በልኩ ይጣራል። በተጨማሪም በከተማዪቱ ማዘጋጃ አካባቢ ከመሬት በታች የተሠራ አዲስ ጣቢያ የዝናብ ውሃንም የፍሳሽ ውሃንም አብሮ ያጣራል።

ሳንታ ሞኒካ ትንሽና ባለጸጋ ከተማ መሆኗን መርሳት አይገባም። ማጣሪያ መሣሪያ በየጊዜው ሙያተኛ፣ መለዋወጫና የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህን ወጪ ለዘለቄታው የማይሸፍን ከተማ ባይጀምረው ይሻለዋል። መሬቱ ውሃ የማያሰርግ፣ ባሕሩ ቅርብ፣ የመስኖ ውሃ ገዢም የሞላበት ቦታ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም።

ከመናፈሻ ሥር ማስረግ

ከባሕሩ ራቅ ባለው በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ሁኔታው ይለያል። የሸለቆው ምሥራቃዊ ክፍል አፈር ከተራራው በወረደ አሸዋና ጠጠር የተሞላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይሰርግበታል። በሰን ቫሊ ፓርክ ከመንገድ የሚመጣው ጎርፍ መጀመሪያ ደለልና ቆሻሻ በሚያስቀር ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ከኳስ ሜዳ ሥር ወደተቀበሩ ማስረጊያ ክፍሎች ይገባል። ላይ ልጆች ይጫወታሉ፤ ታች ውሃው እየሰረገ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ መንገድ የተያዘ ጎርፍ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ቆሻሻ የለም፤ በዚያ ላይ ከሰሜን ካሊፎርኒያና ከኮሎራዶ ወንዝ በውድ ዋጋ የሚመጣውን ውሃ በከፊል ይተካል። ከሁለቱ ጥቅሞች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ ከመካከለኛ ዝናብም ብዙውን ሊይዝ የሚችል ዘዴ ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ በብዛት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ በየትኛውም ሜዳ ሥር ሊሠራ አይችልም። በባሎና ክሪክ አካባቢና ወደ ባሕሩ በቀረቡት ሰፈሮች ብዙው አፈር ሸክላማ ነው፤ አንዳንድ ቦታም የከርሰ ምድር ውሃው ለገጹ በጣም ይቀርባል። በሸለቆው ውስጥ እንኳ ከቀድሞ ፋብሪካዎች የተረፈ ኬሚካል የከርሰ ምድር ውሃውን የበከለባቸው፣ የፌዴራል መንግሥት ከ1986 ጀምሮ ለጽዳት የመዘገባቸው ቦታዎች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ውሃ ማስረግ መርዙን ወደ ንጹሑ ጉድጓድ ሊገፋው ይችላል። «መናፈሻ አለን፣ ለምን አይሠራልንም?» ለሚል ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከአፈር ምርመራው ነው።

አረንጓዴ መንገዶች

በሰን ቫሊ የኤልመር ጎዳና በ2010 ሲታደስ ለብዙዎች ምሳሌ ሆኗል። ቀድሞ የዝናብ መውረጃም የእግረኛ መንገድም ያልነበረው፣ በዘነበ ቁጥር የሚጥለቀለቅ መንገድ ነበር፤ በእድሳቱ ከመንገዱ ሥር ማስረጊያ ተቀብሮ፣ በዳርና ዳሩ ድርቅ የሚችሉ ተክሎች ያሉባቸው ጎድጓዳ መደቦች ተሠሩለት። የመንገዱ ጠርዝ በየቦታው ተከፍቶ ውሃው ወደ መደቦቹ ይገባል።

ዘዴው ያማረ ነው፤ ጥላና አረንጓዴም ይሰጣል። ደካማ ጎኑ እንክብካቤው ነው። ከጠርዙ ክፍት ቦታ ላይ አንድ የዘንባባ ቅጠል ወይም የፌስታል ክምር ከተቀመጠ ውሃው መደቡን አልፎ በቀጥታ ወደ መውረጃው ይሄዳል። ነዋሪው የራሱ አድርጎ የሚጠብቀው መንገድ ላይ ይሠራል፤ ባለቤት በሌለው መንገድ ላይ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሣር የበቀለበት ጉድጓድ ይሆናል።

በግል ቤት የሚሠራው

በርሜል እዚህ ላይ ከሚገባው በላይ ተወድሷል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ይወጣል፤ ከአሸንዳው ሥር የሚቀመጠው የተለመደው በርሜል የሚይዘው 200 ሊትር ገደማ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ይሞላል፤ የቀረው ወደ መንገድ ይወርዳል። በዚህ ከተማ ደግሞ ዝናብ በሚዘንብባቸው ወራት አትክልት ውሃ ስለማይጠማው በርሜሉ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። በርሜል መጥፎ ነገር አይደለም፤ ባሕሩን ግን ብቻውን አይጠብቅም።

የአሸንዳውን ውሃ ጎድጎድ ወዳለ የአትክልት መደብ ማዞር ብዙ እጥፍ ይጠቅማል። ከመቆፈር በፊት አፈሩን መፈተን ያስፈልጋል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉትና በሰዓት ምን ያህል እንደሚጎድል በማስመሪያ ይለኩ። ጉድለቱ በሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አፈሩ ሸክላ ነው፤ መደቡን ለማስረግ ብቻ መሥራት አይበጅም፣ ከሥሩ ትርፉን ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሊኖረው ይገባል። መደቡ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ ውሃውም ትንኝ እንዳይራባበት ከ3 ቀን በላይ መተኛት የለበትም። የመኪና መግቢያን ውሃ በሚያሳልፍ ንጣፍ መቀየርም ይቻላል፤ ነገር ግን የንጣፉ ክፍተቶች በደቃቅ አቧራ ስለሚደፈኑ በየጊዜው በሚመጥ ማሽን ካልጸዱ ከጊዜ በኋላ ተራ ሲሚንቶ ይሆናሉ።

አዲስ ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ የፈቃድ ጥያቄ ነው። ከ2012 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ከተማ ውሃ የማያሳልፍ 500 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሚጨምር ወይም የሚተካ ግንባታ፣ የዝናቡን የመጀመሪያ ሦስት አራተኛ ኢንች ያህል በግቢው ውስጥ እንዲይዝ ወይም እንዲያጣራ ይገደዳል። አነስተኛ ለሆነ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሕጉ ቀለል ያሉ አማራጮችን ይፈቅዳል።

ያለ ቱቦ የሚሠራው

ከሁሉ ርካሹ ቆሻሻው ከመፈጠሩ በፊት ማስቀረት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው። በፍሬን ሸራ ውስጥ የነበረው መዳብ መኪና በቆመ ቁጥር እየተፈገፈገ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ በዝናብም ወደ ባሕር ወርዶ ዓሦችንና ጥቃቅን ሕያዋንን ይጎዳል። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ መሠረት መዳቡ በ2021 ከ5 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ ከግማሽ በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። አንድም ጉድጓድ ሳይቆፈር ማለት ነው። ጉድለቱ ጊዜ መውሰዱና በከተማ ደረጃ ሊወሰን አለመቻሉ ነው።

ከሲያትል ለሚያነቡ

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትልም የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ነገር ግን በብዙ ሰፈሮቿ የዝናቡና የመጸዳጃው ውሃ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ ከባድ ዝናብ ሲመጣ የተቀላቀለው ፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይተርፋል። እዚያ ትልቁ ሥራ የዝናቡን ውሃ ከቱቦው ማስቀረት ወይም በዋሻ መሳይ ማጠራቀሚያ ማቆየት ነው፤ ዳርቻ ላይ ጠልፎ ወደ ፍሳሽ መስመር ማስገባት የሚለው የሎስ አንጀለስ ዘዴ በዝናብ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል። ከዚህም ሌላ በ2020 መጨረሻ ይፋ የሆነ ጥናት ለኮሆ ሳልመን ዓሣ መሞት ምክንያት የሆነው ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል መሆኑን አሳይቷል፤ የመንገድ ጎርፉ በአሸዋና በኮምፖስት ድብልቅ ውስጥ ሲያልፍ ዓሦቹ መትረፋቸውም በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ለሲያትል የአትክልት መደቡ ከማስረጊያነቱ ይልቅ በማጣሪያነቱ ይፈለጋል።

ገንዘቡና ውሳኔው

በ2018 ኅዳር ከሁለት ሦስተኛ በላይ የካውንቲው መራጭ ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ውሃ ለማያሳልፍ እያንዳንዱ ስኩዌር ፊት በዓመት 2.5 ሳንቲም ከንብረት ግብር ጋር ይከፈላል። ጣራው፣ የመኪና መግቢያውና ሲሚንቶው ተደምሮ 3,000 ስኩዌር ፊት የሆነ ቤት 75 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። በዓመት የሚሰበሰበው ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ግማሹ ለትልልቅ የአካባቢ ፕሮጀክቶች፣ 40 በመቶው ለየከተሞቹ፣ 10 በመቶው ለካውንቲው ይደርሳል። በግቢያቸው ጎርፍ የሚይዝ ሥራ ያሠሩ ባለንብረቶች ቅናሽ ለመጠየቅ ይችላሉ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንም ነጻ የሚሆኑበት ድንጋጌ አለ።

በፌርፋክስ ምግብ ቤት ያለው ሰው ምርጫው ከባድ አይደለም፤ ምንጣፍና መጥረጊያ ከውስጥ ባለው፣ ከቅባት ማስቀሪያው ጋር በተያያዘው መታጠቢያ ላይ ይታጠብ፤ ያገለገለ ዘይት ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለሰብሳቢ ድርጅት ይሰጥ፤ የቆሻሻ ገንዳውም አይፍሰስ። ለዚህ ምንም ፕሮጀክት አያስፈልግም። በምዕራቡ ክፍል ሸክላ አፈር ላይ ቤት ያለው ከሥሩ ቱቦ ያለበት የማጣሪያ መደብ ይምረጥ፤ በሸለቆው አሸዋማ አፈር ላይ ያለው ደግሞ አሸንዳውን ወደ ማስረጊያ መደብ ያዙር፤ በርሜል ሁለቱም ከፈለጉ ይጨምሩ።

የትልልቁ ፕሮጀክት ምርጫ የሚካሄደው በዘጠኙ የተፋሰስ ኮሚቴዎች ነው፤ የባሎና ክሪክ አካባቢ በማዕከላዊ ሳንታ ሞኒካ ወሽመጥ ኮሚቴ ሥር ይወድቃል። ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የፕሮጀክት ሰነዶቹንም ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ሰነዱ ሲገለጥ ከሥዕሉ በፊት የአፈር ምርመራውን፣ ከዚያም ከቦታው በላይ ካለው ስንት ኤከር የሚመጣን ውሃ እንደሚይዝ ማየት ይጠቅማል፤ ትልቅ ወጪ ጠይቆ የራሱን መኪና ማቆሚያ ውሃ ብቻ የሚይዝ ፕሮጀክት አንዳንዴ ያጋጥማል። ቀጥሎ የሚታየው የጥገና ዕቅዱ ነው። ወንፊቱን ማን እንደሚያጸዳው፣ ደለሉን ማን እንደሚጠርገው፣ ፓምፑ ሲበላሽ ከየትኛው በጀት እንደሚጠገን ካልተጻፈ፣ ስብሰባው ላይ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልስ ካልተሰጠበትም ገንዘቡ ለሌላ ፕሮጀክት እንዲዞር አስተያየት መስጠት ተገቢ ነው።